የዋርሳዬ ተረከዝ

ቀኝ ጆሮዬ ከሞተ ቆይቷል። ግራው አለሁ አለሁ ይላል እንጂ እሱም ትራስ ውስጥ አፉን ቀብሮ እንደሚያወራ ሰው ነው። ፊት ለፊቴ ቆማችሁ ብታናግሩኝ ከንፈራችሁን እያየሁ፣ ግማሹን እየሰማሁ ግማሹን እየገመትኩ እመልስላችኋለሁ። ጀርባዬን ከሰጠኋችሁ ግን አባቴን ብትሰድቡትም ምርቃት መስሎኝ አሜን ልል እችላለሁ። ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ጣጣ ነው። እኔ ግን የሮክ ባንድ ድራመር ነኝ። በዱላና በሲምባል መሐል ጥርሴን ነቅዬ፣ አገር ምድሩ «መዶሻ» እያለ የሚጠራኝ ሰው ነኝ። ባንዱን ከኋላ ሆኖ የሚነዳው እሱ ነው ይባልልኛል። ይበሉ እንግዲህ። እኔን ሲነዳኝ የኖረው የዋርሳዬ ተረከዝ ነው።

ዋርሳዬ የሟች ሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ የባንዳችን ጊታር ተጫዋች። ጊታር ሲይዝ በግራ ተረከዙ ወለሉን ይደበድባል። ጎረምሶች ሳለን «ወለሉ ምን በድሎህ ነው?» እያልን እንስቅበት ነበር። ጆሮዬ መክዳት ሲጀምር ያ ተረከዝ ነፍስ አዳኜ ሆነ። ዓይኔን እዚያ ላይ ተክዬ፣ ሲነሳ እየተነሳሁ ሲወርድ እየወረድኩ፣ ስንትና ስንት መድረክ ላይ ማንም ሳይነቃብኝ አለፍኩ። ዋርሳዬ ራሱ እግሩ ምን እንደሚሠራልኝ አያውቅም ነበር። የነገርኩት ለሚስቴ ብቻ ነው፤ እሷም ምስጢሬን ይዛ ሄደች። ልጄ ጆሮዬ እንደደከመ ታውቃለች፤ የተረከዙን ነገር ግን ለእሷም አልተነፈስኩም። ይህን ያህል መደበቅ ምን አመጣው ትሉኝ ይሆናል። የማይሰማ ድራመር ማን ይፈልጋል? እናንተ ዓይነ ስውር ሹፌር ትቀጥራላችሁ?

አራታችንም አንድ ሐሙስ የቀረን ሰዎች ነን። ዘፋኛችን ጎርናናው ይባላል፤ ድምፁ እንደ ጥንቱ ነው፣ ሆዱ ግን ከእሱ ቀድሞ መድረክ ይወጣል። ቤዝ ጊታር የሚጫወተውን ዝምታ ነው የምንለው፤ ሲናገር የሰማው ሰው ጥቂት ነው፣ እኔም እንዲህ ሳልሆን በፊት አልሰማሁትም። ጎርናናው አንድ ቀን ሰብስቦን «አንድ አልበም ሠርተን እንረፍ፤ ከዚያ ወዲያ ብንሞትም አይቆጨንም» አለ። ሁሉም ያለውን ዘፈን ከየመሳቢያው አወጣ። እኔ በዕድሜዬ ሙሉ የሠራሁት አንድ ዘፈን ነው፤ የሚስቴን።

ሚስቴ ችኩል ነበረች። ስትሄድ እግሯ መሬት አይነካም። ሻይዋን እንኳ ቆማ ነበር የምትጠጣው፤ «ተቀመጪ እንጂ» ስላት «አንተ ቁጭ በልልኝ» ትለኛለች። ልብስ ስታሰጣ የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረቻት፤ ቶሎ ቶሎ የምትል፣ ትንፋሽ የማትሰጥ። ያኔ ጆሮዬ ደህና ነበር፤ ከመስኮቱ ሆኜ ስሰማት በጣቶቼ ጠረጴዛውን እመታላት ነበር። ከሞተች በኋላ ያቺን ዜማ ይዤ ግጥም አበጀሁላት። ከአልበሙ የፈለግሁት ይህንን ብቻ ነው፤ ያቺ ዘፈን በእሷ ፍጥነት፣ በእኔ እጅ፣ ግራ ጆሮዬ ጨርሶ ሳይዘጋ እንድትቀረጽልኝ። የቀረው ዘፈን ሁሉ ገደል ቢገባ ግድ አልነበረኝም።

ስቱዲዮው ከአንድ ጎማ መሸጫ በላይ ነው፤ ደረጃውን ስትወጡ የላስቲክ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። የድምፅ ባለሙያው ትሑት ሰው ነው፣ ትሕትናውን ግን አልወደድኩለትም። ገና ሳንቀመጥ ለየብቻ ክፍል መደበን። ጎርናናውን አንድ ጓዳ ውስጥ፣ ዝምታን ሌላ ጓዳ ውስጥ፣ እኔን መስታወት ቤት ውስጥ አስገባኝ። ዋርሳዬን ከመስታወቴ ማዶ፣ ከወፍራም መጋረጃ ጀርባ አስቀመጠው።

«ድምፃችሁ እንዳይቀላቀል ነው ጋሼ» አለኝ።

«እኛ እኮ ዕድሜያችንን ሙሉ ተቀላቅለን ነው የኖርነው» አለው ጎርናናው። እውነቱን ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አራታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ቆመን እንጂ ተነጣጥለን ቀርጸን አናውቅም። ባለሙያው ፈገግ ብሎ ዘመኑ እንደተለወጠ አስረዳን፤ እኛም ያረጀን እንዳይመስልብን ተስማማን። ያረጀ ሰው የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ይኸው ነው።

መጫወት ስንጀምር ጉድ ፈላ። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ይጮኻል እንጂ ምን እንደሚል አይገባኝም፤ ጊታሩም ቤዙም ዘፈኑም አንድ ላይ የተቦካ ጭቃ ነው። ቀና ስል መጋረጃ። ተረከዝ የለም። በግምት መታሁ። አቆሙን፣ እንደገና ጀመርን፣ ደግሞ አቆሙን። ባለሙያው ጠቅ ጠቅ የሚል ምት ቆጣሪ በማዳመጫው ላከልኝ፤ የእኔው ከበሮ ዋጠው። በመብራት ቁጠርልኝ ልለው አሰብኩና ለምን ቢለኝስ ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ሌሎቹ ወደ ባለሙያው ክፍል ገብተው ተሰበሰቡ። በመስታወቱ አየኋቸው። በሩን የዘጉት እንዳልሰማቸው ነው፤ በር ባይዘጉ የምሰማቸው መስሏቸው። ጎርናናው ወደ እኔ ዞሮ ነበርና ከንፈሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። «መዶሻ አበቃለት። ሌላ ሰው እንጥራ ይሆን?» አለ። ጠጕሬ ሳይሸብት ጀምሮ አብሬው የኖርኩት ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ደሜ ፈላ። ዱላዬን አስቀምጬ ወጣሁና ዋርሳዬን እጁን ይዤ ወደ ደረጃው ጎተትኩት።

«የምነግርህን ለማንም እንዳትናገር» አልኩት።

«ምን ሆነሃል? ታመሃል እንዴ?»

«አልሰማም።»

«ምኑን?»

«ምንም። ጊታርህን ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል። የምከተለው ተረከዝህን ነው።»

አየኝ። ከዚያ ጫማውን አየ። እንደገና እኔን አየኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። «እህቴ ታውቅ ነበር?» አለኝ። አዎ አልኩት። አቀፈኝና ትከሻዬ ላይ ተደፍቶ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ምን እንዳለ አላውቅም፣ አፉ ከኋላዬ ነበር። ከዚያም ተመልሶ ወገቤን አሞኛል፣ መጋረጃ ውስጥ ታፍኜ አልጫወትም ብሎ ባለሙያውን አስቸገረው። መጋረጃው ተሰበሰበ። ዋርሳዬ ወንበሩን ወደ መስታወቴ አስጠግቶ ግራ እግሩን እንድትታየኝ ዘረጋት። ያን ዕለት እግሩን ብስመው ደስ ባለኝ።

ሥራው እንደ ውኃ ፈሰሰ። ጎርናናው ሌላ ሰው እንጥራ ያለበትን አፉን ከፍቶ «መዶሻ ተመለሰ» እያለ ጀርባዬን ይደበድበኝ ጀመር። እኔም ፈገግ እላለሁ። የዋርሳዬን ነገር ግን ቀስ በቀስ ልብ አልኩት። ድሮ እግሩን ሳያስበው ነበር የሚረግጠው። አሁን አወቀበት። በራሱ ዘፈን ላይ መጨረሻው አካባቢ ድንገት ያፈጥነዋል፣ ቀና ብሎ ተከትዬው እንደሆነ ያየኛል፣ ከዚያ ከንፈሩን ሸሸግ አድርጎ ይስቃል። ቀልድ ነው ብዬ አለፍኩት። ሰው ልጓም እጁ ሲገባ አንድ ሁለቴ ሳይጎትት አይቀርም።

የሚስቴ ዘፈን ተራ በደረሰበት ቀን ጠዋት በስቱዲዮው ማጀት ሻይ ስናፈላ ተጣላን።

«ቀስ ብለን ነው የምንጫወታት» አለኝ፣ እንደ ዋዛ።

«ቀስ? የማንን ዘፈን?»

«የእህቴን። የሞተች ሴት ዘፈን ናት እኮ። ሰው የሚጨፍርባት ልታደርጋት ነው?»

«እህትህ ቀስ ብላ ሄዳ ታውቃለች?»

«መጨረሻ ላይ ሄዳለች» አለኝ። «ክንዷን ይዤ ያስኬድኳት እኔ ነኝ።»

«እኔስ የት ነበርኩ? አልጋዋ አጠገብ አልነበርኩም? ያየኸውን ሁሉ አይቻለሁ። እሷ ግን ያ አይደለችም። ያ በሽታዋ ነው። በሽታዋን ልታዘፍንብኝ ነው?»

ብርጭቆውን አስቀመጠና ፊቴ ድረስ ቀረበ፤ ጥሩ አድርጌ እንዳነብለት። «አንተ ሚስት አጥተሃል፤ እኔ እናትና አባት ጥለውብኝ የሄዱትን ልጅ ነው ያጣሁት። ማልቀስ እፈልጋለሁ። ይቺን እንኳ ተውልኝ» አለኝ። አንጀቴን በላው፤ አልዋሽም። ግን ሊያለቅስ ከፈለገ የራሱን ዘፈን ይሥራ እንጂ ምን አግብቶት የእኔን? እንቢ አልኩት። እሺም እንቢም ሳይለኝ ወደ ክፍሉ ገባ።

ዱላዬን እርስ በርስ አጋጭቼ በእሷ ፍጥነት ቆጠርኩ። ጀመርን። ተረከዙ ግን ከመጀመሪያው ዘገየ። እጄ ወደፊት ይላል፣ ዓይኔ ወደኋላ ይጎትተኛል። እጄን ብከተል ከባንዱ ልለይ ነው፤ የተቀሩት ማንን እንደተከተሉ በምን ልወቅ? ፈራሁና ተረከዙን ተከተልኩ። ሚስቴ ግድግዳ ይዛ ስትጎተት ታየችኝ። መሐል ላይ አቆምኩ። ባለሙያው ምን ሆንክ ሲለኝ ዱላው አንሸራተተኝ አልኩት። እንደገና ቆጠርኩ፣ ካለፈው አፍጥኜ። እንደገና ተረከዙ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ቀና ስል ዋርሳዬ በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብሎ ያየኛል። እንባው ጉንጩ ላይ ነው። እግሩ ግን አልራራም። ያኔ ገባኝ፤ ምስጢሬን ለማንም አልተናገረም፣ ቃሉን ጠብቋል፣ ያንኑ ምስጢር ግን አንገቴ ላይ አስሮ ነው የሚጎትተኝ።

ተነስቼ የመስታወቱን በር ከፈትኩና ሁሉም እንዲወጡ በእጄ ጠራኋቸው። ሲሰበሰቡ አንድ በአንድ እያየኋቸው ነገርኳቸው። «ደንቆሮ ነኝ። ማናችሁንም አልሰማም። እስከ ዛሬ የተጫወትኩት የዚህን ሰውዬ ተረከዝ እያየሁ ነው። ይቺን ዘፈን ግን በተረከዝ አልጫወትም። ዓይኔን ጨፍኜ በራሴ እመታለሁ፤ እናንተ ተከተሉኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው መጥራት ትችላላችሁ።»

ጎርናናው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ሳቁ እዚያው ቀረ። ባለሙያው ወለሉን አየ። ዝምታ ብቻ ወደፊት መጣና አፉን አስተካክሎ «እኔ ምንጊዜም የምከተለው አንተን ነው» አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን ከአፉ ያነበብኩት ረጅሙ ንግግር ይኸው ነው። ዋርሳዬ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ገባሁ። ማዳመጫውን አውልቄ ወረወርኩት። ቆጠርኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ መታሁ። መጀመሪያ ብቻዬን ነበርኩ። ቆይቶ ከወንበሬ ሥር አንድ ነገር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ ቤዙ ነው፣ ዝምታ መጥቷል። እሷም መጣች እላችኋለሁ። ልብሱን አፏ ላይ ባለው መቆንጠጫ ልትሰካ ስትሮጥ፣ ስትመለስ፣ ቅርጫቱን በእግሯ ስትገፋ አየኋት። እጄ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም። ዘፈኗ አልቃ ዓይኔን ስገልጥ ከዋርሳዬ በቀር ሁሉም ቆመዋል። ጎርናናው እየሮጠ መጥቶ ራሴን ሳመኝ። ባለሙያው በመስታወቱ ማዶ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ዋርሳዬ ጊታሩን ታቅፎ እንደተቀመጠ ነበር፤ በስተመጨረሻ ቀና ብሎ «ደህና ተጫወትክ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳነብለት። አመንኩት። ለምን አላምነውም?

የከበሮው ሥራ እዚያ አበቃና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ጎርናናው በጽሑፍ መልእክት ሰላም ይለኛል፤ እንዴት ነህ፣ እግዜር ይማርህ፣ ጤናህን ጠብቅ። ደንቆሮነት ጉንፋን ነው እንዴ? አልበሙን ይዘው መድረክ ሲወጡ ሌላ ድራመር እንደሚሄድ ልጄ በስልኳ አይታ ነገረችኝ። ይሁን አልኩ። በራሴ አፍ ሌላ ሰው መጥራት ትችላላችሁ ያልኩት ነገር ነው፤ ቢያመኝም ዋጥኩት። ዘፈኗ አለችኝ ብዬ።

አልበሙ ሲወጣ ዋርሳዬ ይዞት መጣ። ቤት አልገባም። በር ላይ ለልጄ ሰጥቷት «እቸኩላለሁ» ብሏት ሄደ። ይህ ሰው ከእኛ ቤት ቁጭ ሳይል ሄዶ አያውቅም፤ እህቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ይባስ ብሎ የገዛ ቤቱ ያደርገው ነበር። ልብ ማለት ነበረብኝ፣ እኔ ግን ጓጉቻለሁ። ሽፋኑ ላይ የአራታችን ፎቶ አለ፤ ከኋላው «ድራም» ከሚለው ቃል ጎን ስሜ በትልቁ ተጽፏል። ሌላ ስም የለም።

ልጄ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ያን ቀን ዕረፍቷ ነበር። ዲስኩን ከፈተችልኝና ትልቁን ስፒከር ወደ ወንበሬ አስጠጋችው። እኔ ሙዚቃ የምሰማው በመዳፌ ነው፤ ስፒከሩ ላይ እጄን ዘርግቼ። የመጀመሪያው ዘፈን የእኔ ነው፤ ትልቁን ከበሮ በመርገጫው የሚመታውን እግሬን አወቅሁት። ሁለተኛውም የእኔ ነው። ዋርሳዬ ያፈጠነበት ቦታ ሲደርስ እንኳ ሳቅ አለኝ። ከዚያ ልጄ ዞር ብላ «አሁን የእማዬ ናት» አለችኝ።

መዳፌ ላይ አንድ ምት መጣ። ጠበቅሁ። ሌላው ምት መጣ። በመሐላቸው ሰው ደረጃ ወርዶ መመለስ ይችላል። ዘገየብኝ እንዴ፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው እንዴ አልኩ። በሁለቱም እጄ ያዝኩት። ማሽኑ ደህና ነው። ትልቁ ከበሮ እኔ አንዴ የምረግጥበት ቦታ ላይ ሁለቴ ይመታል፤ በሕይወቴ እንደዚያ ረግጬ አላውቅም። የማላውቀው ሰው እግር ነው። እኔ ቤቴ ስገባ ሌላ ሰው ጠርተው፣ እንደ ዋርሳዬ ፍላጎት አዘግይተው፣ እንደገና ቀርጸዋታል። እንዴት ያውቃል ብለው? ደንቆሮ አይደል እንዴ! ስሙን በትልቁ ጻፉለት፣ ይበቃዋል።

ምናልባት ያን ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ስመታ እውነትም ተበታትነን ይሆናል። ጎርናናው ራሴን የሳመኝ ሊያጽናናኝ ይሆናል። ምናልባትም ግሩም አድርገን ተጫውተን፣ ዋርሳዬ አልቅሶ ለምኗቸው ይሆናል። ማንን ልጠይቅ? ማንም ምንም ቢለኝ በምን ጆሮዬ ላረጋግጥ? አንጀቴ ተቃጠለ። ተነስቼ ዲስኩን ከማሽኑ መንጭቄ፣ ሰባብሬ፣ ስባሪውን ይዤ ዋርሳዬ ቤት ልሄድ ነበር። ቀና ስል ልጄን አየኋት።

ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና። እንባዋ ይወርዳል። ፈገግ ብላለች ደግሞ። እናትዋ ከሞተች ወዲህ በእናትዋ ነገር ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ዘፈኑ ሲያልቅ ዓይኗን ገለጠችና እንዳነብላት ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ እማዬ ልክ እንዲህ ነበረች እኮ የምትራመደው» አለችኝ። «በኮሪደሩ፣ ግድግዳውን እየያዘች፣ እኔን ለማስተኛት ስትመጣ። አልጋዬ ውስጥ ሆኜ እርምጃዋን እየቆጠርኩ እጠብቃት ነበር። እንዴት አስታወስከው?»

እናትዋ ስትታመም ይቺ ልጅ ገና ሕፃን ነበረች። የምትሮጠዋን ሴት አላየቻትም። ልብስ ስታሰጣ፣ ቆማ ሻይ ስትጠጣ፣ «ቁጭ በልልኝ» ስትለኝ አላየቻትም። የእሷ እናት ግድግዳ ይዛ የምትመጣዋ ናት፤ ሌላ እናት የላትም። እኔ ብሞት ያቺን የኔን ችኩል የሚያውቃት አንድ ሰው እንኳ አይቀርም።

«የምትመታው አንተ ነህ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

«ልድገመው?»

«ድገሚው» አልኳት።